የሃኑስ ግራ ጉንጭ

ባለቤቴ ሃኑስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተንበረከከው በመጋቢት ወር፣ በጎቻችንን አይተን ከተራራው ስንወርድ ነው። ተደናቅፎ አልነበረም። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ግራ ጉንጩን ዳበስ ሲያደርገው ባለበት ቀጥ አለ፤ ከዚያ ሁለት እጁን አየር ላይ እንደዘረጋ በጉልበቱ ወረደ። ልቡ ነው ብዬ ደርቄ ቀረሁ። ልደግፈው ስጠጋ በእጁ ከለከለኝ። አንድ ደቂቃ እንኳ የሞላ አይመስለኝም፤ ተነሣ፣ ዓይኑን ጠረገና "መብረቅ መታኝ" አለኝ። ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት። ጥርት ያለ ነበር።

እኔ ሱንቨር እባላለሁ። የምንኖረው በፋሮ ደሴቶች ደቡብ ጫፍ፣ በሱዱሮይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ዓሣ ስሰነጥቅ ኖሬአለሁ። ሃኑስ የእንጨት ጀልባ ይሠራል። በደሴቱ ላይ ግን ሃኑስ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ጀልባው አይደለም፤ አፉ ነው። በእኛ ዘንድ በዓል ሲመጣ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ በክብ ይዞራል። ከበሮ የለም፣ ሌላም መሣሪያ የለም፤ ያለው የእግር ድምፅና የሰው አፍ ብቻ ነው። አውራጁ የጥንቱን ታሪክ ስንኝ በስንኝ ያወጣል፣ የቀረው አዝማቹን ይቀበላል። አንዱ ታሪክ ሁለት መቶ ስንኝ ሊያልፍ ይችላል። ሃኑስ እንዲህ ያሉ ወደ አርባ የሚጠጉ ታሪኮችን በቃሉ ይዟል። ከአባቱ የተቀበላቸው ናቸው፤ አንዱንም በጽሑፍ አላሰፈረም።

ድምፁ ያማረ እንዳይመስላችሁ። ሚስቱ ነኝና ልናገር፤ ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ነው። ግን ጦርነቱን ሲያወጣ ሰው ወለሉን ይደልቃል፣ የሟቹን እናት ሲያወጣ ደግሞ ኮቴ እንኳ ይለዝባል። እኔም የወደድኩት በዚያ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ እጄን ይዞኝ ሲዞር አመሸ፤ አንድም ጊዜ ዞር ብሎ አላየኝም። ታሪኩ ውስጥ ነበር። ሲጨርስ ገና አሁን ያገኘኝ ይመስል "ደከመሽ እንዴ?" አለኝ።

መብረቁ በዚያው አልቀረም። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ይመጣ ነበር፣ ቀጥሎ በየቀኑ ሆነ፤ በጎቹ በሚታረዱበት በጥቅምት ደግሞ በሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ ይመላለስ ጀመር። ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው፤ ከከንፈሩ ጥግ ተነሥቶ ወደ ጆሮው ይወጣል። የሚቀሰቅሰውም ትልቅ ነገር አልነበረም። ጥርስ መቦረሽ፣ ድንች ማኘክ፣ ትራስ፣ ጎረቤትን "እንደምን አደርክ" ማለት ይበቃዋል። ጢሙን በቀኝ በኩል እየተላጨ በግራ በኩል ይተወው ነበር። ሱቅ በር ላይ የሚቀመጡት ሽማግሎች "ግማሹ ሙሽራ፣ ግማሹ ቄስ" እያሉ ሲቀልዱበት አብሯቸው ሊስቅ ይጀምርና ሳቁ ራሱ መብረቁን ይጠራበታል። ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደበትም።

ጥርስ ነው ብለን ጥርስ ሐኪም ቤት ሄድን። ባርዱር የሚባለው ሐኪም አንድ መንጋጋ ነቀለለት፤ ከወር በኋላ ደግሞ ከጎኑ ያለውን። ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ። ነገሩ ኋላ ሲገለጥ ባርዱር ቤታችን ድረስ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። ሃኑስ ቂም አያውቅም፤ ሦስተኛውን ስለተወለት አመስግኖ ሸኘው።

ሕመሙን ያወቀችው ራንቫ ናት። ወደ ደሴታችን ከመጣች ስድስት ወር ያልሞላት ወጣት ሐኪም ነበረች። የሚያምዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ አለችው። ሃኑስ ጣቱን አነሣ፤ ጣቱ ግን ጉንጩ ጋ ሳይደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ራንቫ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ጥርሱን የሚያመው ሰው ጉንጩን ይይዛል" አለች። "እርስዎ ግን ጉንጭዎን ፈሩት።"

የፊትን ስሜት ወደ አንጎል የሚያደርስ ነርቭ እንዳለ፣ እሱ ሲቆጣ ነፋሱንም ዳቦውንም እንደ ቢላ አድርጎ እንደሚያስተላልፍ ነገረችን። ሰው ከሚያውቃቸው ሕመሞች ሁሉ የከፋው ይኸው ነው የሚሉ ሐኪሞች እንዳሉም አልደበቀችንም። ሃኑስ ይህን ሲሰማ ትከሻው ወረደ። ያዘነ መስሎኝ ነበር፤ እፎይ ማለቱ ኖሯል። ስምንት ወር ሙሉ ሰው የማያምነውን ነገር ብቻውን ተሸክሞ ነበርና።

ኪኒን ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን መብረቁ ጠፋ። ትኩስ ዓሣ በድንች ቀቅዬ አቀረብኩለትና ሳህኑን ሲጠርግ እያየሁ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ደስታችን ግን ዕድሜ አላገኘም። ሕመሙ ኪኒኑን እየለመደ መጠኑ ሲጨመር፣ ሲጨመር፣ ሃኑስ የመርከብ ወለል ላይ እንዳለ ሰው እየተንገዳገደ ይሄድ ጀመር። መላጊያውን "ያንን ነገር አቀብይኝ" ይለኛል። የእህቱን ስም ፈልጎ ያጣበት ቀን ነበር።

ከጾሙ በፊት በሚደረገው ጭፈራ ላይ የሁለቱን ወንድማማቾች ታሪክ ጀመረ። ሰማንያ ሰው ይሆናል የተሰበሰበው። አርባ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ዝም አለ። እስትንፋሱን እየሰበሰበ መሰለን። በእኛ ጭፈራ አውራጁ ዝም ቢልም እግር አያቆምም፤ ሰማንያ ሰው ባዶውን ወለል እየረገጠ አንድ ዙር ዞረ፣ ሁለተኛውንም ዞረ። እጁን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መዳፉ ውኃ ሆነ። በዚህ ጊዜ ከወዲያኛው ጫፍ ቱማስ አርባ አራተኛውን ስንኝ አነሣ፤ እስከ መጨረሻውም ወሰደው።

ቱማስ ከእኛ ቤት በታች ይኖራል። እሱም አውራጅ ነው። እሱና ሃኑስ በአንድ ታሪክ ውስጥ የንጉሡ መርከብ ሸራ ቀይ ነው ወይስ ጥቁር በሚል ሠላሳ ዓመት ተጨቃጭቀዋል። የዚያን ዕለት ሲያገኘው ይሳለቅበታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ቱማስ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። ሃኑስ ኮቱን እንኳ ሳይለብስ ወጣ።

በማግስቱ ኪኒኑን በራሱ እጅ ግማሽ አደረገው። መብረቁ ተመለሰ። ከሕመሙ ጋር የተዋዋለው እንዲህ ነው፦ አፉን ካልከፈተ ብዙም አይመታውም፤ ስለዚህ አፉን ዘጋ። ከመጋቢት እስከ መስከረም ሃኑስ አልተናገረም። የሚፈልገውን በወረቀት ይጽፍልኛል። ለምን ኪኒኑን እንደማይወስድ ስጠይቀው "እያወሩ ቃል ከማጣት፣ ቃልን ይዞ ዝም ማለት ይሻላል" ብሎ ጻፈልኝ። የላላ ገንፎና የቀዘቀዘ ሾርባ በቀጭን ቱቦ እየሳበ ይውላል። ያም ሆኖ ጀልባ ቤቱን አልዘጋም። ነፋስ እንዳይነካው ፊቱን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልሎ ይሠራ ነበር፤ አንዳንዴ መዶሻውን አስቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መብረቁ እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ መዶሻውን አንሥቶ ካቆመበት ይቀጥላል። በዚያ ዓመት የሠራት ጀልባ እስካሁን ውኃ አላስገባችም።

ቱማስ በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ ይመጣ ጀመር። ይቀመጣል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ከዚያ ታሪክ ያወጣል፤ ግን አበላሽቶ ነው። የአባቱን ስም ለልጁ ይሰጣል፣ ሰይፍ የተባለውን ጦር ይለዋል፣ አንድ ሙሉ ስንኝ ይዘላል። ሃኑስ ንዴቱ በዓይኑ እየተቀጣጠለ ወረቀት ይስብና የተሳሳተውን ያርማል። "አሃ፣ እንደዚያ ነው እንዴ?" ይላል ቱማስ። "አባቴ እንዲህ አልነበረም የነገረኝ።" ሃኑስ እርሳሱን እስኪሰብር ይጽፋል። እኔም መጀመሪያ አርጅቶ የዘነጋ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን በር ድረስ ስሸኘው ቱማስ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ "ካልተቆሰቆሰ እሳት ይጠፋል" አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።

መስከረም ላይ ሃኑስ ሲመዘን ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ ሆነ። ጎልማሳ ሳለ ዘጠና ነበር። ራንቫ ይህን ስታይ ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ላለው ትልቅ ሆስፒታል ደወለች፤ ነገሩ አሁን የቀዶ ሐኪም ጉዳይ ነው አለችን። በመርከብም በአውሮፕላንም ተጉዘን፣ ዶክተር ሜረቴ ከምትባል ሴት ፊት ተቀመጥን። ዕድሜዋ ሃምሳ አካባቢ ይሆናል። አጠር ያለች፣ ለመቆም የሚመች ወፍራም ጫማ ያደረገች፣ የደሴት ዴንማርክኛችንን በትዕግሥት የምትሰማ ናት። እስከዚያ ድረስ ያየነው ሐኪም ሁሉ ሕመሙ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ይሆናል ብሎ ነበር የሚጠይቀው። እሷ በአፉ ምን እንደሚሠራ ጠየቀችው። ሃኑስ ወረቀቱን ሳበና "እበላለሁ። ከሚስቴ ጋር እጨቃጨቃለሁ። አርባ ታሪክ አወጣለሁ" ብሎ ጻፈ። አንብባ ጨረሰችና እንደገና አነበበችው።

"እንግዲያው እያንዳንዱን መንገድ በዚህ እንለካዋለን" አለች።

የጭንቅላቱን ምስል ከፍታ አሳየችን። ነርቩ ከአንጎሉ በሚወጣበት ቦታ ላይ አንድ የደም ቧንቧ ተደግፎበታል። ልብ በመታ ቁጥር ቧንቧው ነርቩን ይመታዋል፤ ከዓመታት ብዛት የነርቩ ልባስ ተፍቆ አልቋል። ሃኑስ ይህን ሲያይ ወንበሩን አስጠጋ። "ገመድ የጀልባ ጠርዝ ላይ ሲታሽ" ብሎ ጻፈ። "መሐሉ ጨርቅ እንከታለን።" ዶክተር ሜረቴ ሳቀች። እኔም የማደርገው እሱኑ ነው፣ የኔ ጨርቅ ቴፍሎን ስለሆነ ነው እንጂ አለችው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱ እንደ አንድ ሙያ ሰዎች ተግባቡ፤ እኔ ተመልካች ሆኜ ቀረሁ።

መንገዱ ሦስት ነው አለች። የመጀመሪያው በመርፌ ነው። መርፌው በጉንጭ በኩል ገብቶ ከራስ ቅል ሥር ነርቩ ጋ ይደርሳል፤ እዚያ በሙቀት፣ በትንሽ ፊኛ ወይም በግሊሰሪን ነርቩን በመጠኑ ያደክሙታል። ሥራው አጭር ነው፣ እፎይታው ፈጣን ነው፤ ግን ፊትን ያደነዝዛል፣ ሕመሙም ከጥቂት ዓመታት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ሁለተኛው ጨረር ነው። ራስን በብረት ክፈፍ አጥብቀው ይይዙና በብዙ አቅጣጫ የሚመጣ ቀጭን ጨረር ነርቩ ላይ ያሳርፋሉ። ቢላም ደምም የለም፤ ነገር ግን እስኪሠራ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፣ እሱም ሊያደነዝዝ ይችላል። ሦስተኛው ከጆሮ ኋላ የራስ ቅልን የኮት ቁልፍ በምታህል ቀዳዳ ከፍቶ፣ ቧንቧውን ከነርቩ ላይ አንሥቶ፣ በመሐል ማረፊያ ማስቀመጥ ነው። ከሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው እሱ ነው፣ የከንፈርንም ስሜት ከሁሉ የተሻለ የሚያተርፈው እሱ ነው። ግን ራስ ተከፍቶ ነው፤ ጆሮ ሊደነቁር፣ ደም ሊፈስ፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅም ከፍም አላደረገችም።

ሃኑስ በጣቱ ሦስተኛውን አሳያት። እሷ ግን አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። የሃኑስ ልብ ከድሮም ምቱን ይስት ስለነበር ደም ማቅጠኛ ይወስድ ነበር።

"የምወደው ሦስተኛውን ነው፤ እጄም የለመደው እሱን ነው" አለች። "ግን በዚህ ልብና በዚህ ክብደት ራስዎን አልከፍትም። ሥራዬን ስለወደድኩ እርስዎን አላጣም። መጀመሪያ ይብሉ። ልብዎን የሚያይ ሰው አገናኝዎታለሁ። እስከዚያ በግሊሰሪን ጊዜ እንግዛ።"

ሃኑስ ወደኔ ዞሮ፣ ሥራ ስውል እጄ እንዳይሰነጣጠቅ የምቀባው ግሊሰሪን እንደሆነ በምልክት ጠየቀኝ። እሱ ዘመዱ ነው አለች ዶክተሯ።

መርፌውን የተወጋው በማደንዘዣ ተኝቶ አልነበረም፤ ቦታው ብቻ ደንዝዞ፣ ልቡን እየተከታተሉለት ነው። ፈሳሹ ከቦታው እንዳይወጣ ከአንድ ሰዓት በላይ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ እንዲቀመጥ ተደረገ። ስብከት ላይ እንዳንቀላፋ ሰው መስሎኝ ሳልወድ ሳቅሁ። በማግስቱ ጠዋት ዳቦ በአይብ ቀረበለት። በቀኝ በኩል ማኘክ ጀመረ፤ ቆመ፤ ጉርሻውን ወደ ግራ አሻገረው። ስድስት ወር ከተዘጋው አፍ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "ጨው ያንሰዋል" የሚል ነበር።

የከንፈሩ ግራ ጥግ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሌላ ሰው ሆነ። ሻይ በአገጩ ላይ ሲወርድ አይታወቀውም። "ብ" እና "ፕ" ከአፉ እየሾለኩ ይወጣሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ሕመሙ ሄዷል ብሎ በዚያ ይረካ ነበር። ሃኑስ በየቀኑ ጀልባ ቤቱ ውስጥ ለሳንቃዎቹ ታሪክ ያወጣ ጀመር፤ እንደ ሕፃን ልጅ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ከንፈሩን በጣቱ እየደገፈ። ሦስት ወር ፈጀበት። በገና ጭፈራ ላይ ሲያወርድ አፉ ጠመም ብሎ ነበር፣ ቃሉ ግን ቀጥ ብሎ ወጣ። ቱማስ በመሐል "የተጣመመው አፍህ ነው ወይስ ታሪኩ?" ብሎ ጮኸበት፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሃኑስም ሳቀ። በሳቁ ምክንያት አለመመታቱን ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ቆየን። አንድ ቀን ወደብ ላይ አዲስ ጀልባ ወደ ባሕር ሲያወርድ እጁ አየር ላይ ሲቆም ከሩቅ አየሁት። በሁለተኛው ቀን ቁርስ ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ "ተመለሰ" አለኝ። እንደሚመለስ ተነግሮን ነበር፤ ቢሆንም ያን ቀን ሁለታችንም ሥራ አልሠራንም።

ዶክተር ሜረቴ እንደገና ስታየን ፀጉሯ ሸብቶ ነበር። ሃኑስ በመሐል በመሐል እየቆመም ቢሆን መናገር ይችላል። መርፌውን መድገም እንደሚቻል፣ በተደገመ ቁጥር ግን ድንዛዜው እንደሚጨምር ነገረችው። ጨረሩንም እንደገና ዘርዝራ አስረዳችው፤ ስድሳ ስምንት ዓመት ለሆነው ሰው መጥፎ ምርጫ እንዳልሆነ አልሸሸገችም። ልቡ በዚህ መሐል ታክሞ ምቱ ተስተካክሏል፣ ደም ማቅጠኛውንም አቁሟል፤ ስለዚህ ሦስተኛው መንገድም ተከፍቷል። ሃኑስ ስንት ሰው እንደከፈተች ጠየቃት።

"ሁለት መቶ አሥራ አራት" አለች። "አምስቱ በዚያ በኩል መስማት አቁመዋል። አንዷ ሞታብኛለች። ስሟን እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ።"

ሃኑስ ወደኔ ዞረ፤ እኔም እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

"እንግዲያው የሚቀጥለው እኔ ልሁን" አላት። "የሞተባትን ሰው ስም የማትረሳ ሐኪም እጇ አይቸኩልም።"

ሦስት ሰዓት ይፈጃል የተባለው ሥራ አምስት ሰዓት ፈጀ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሹራብ ለመሥራት ሞከርኩ፤ ኋላ ሳየው እጅጌው ክንድ ተኩል ሆኖ ነበር። ዶክተር ሜረቴ መጥታ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የቆቡ ክር ግንባሯ ላይ መስመር አውጥቶ ነበር። ምስሉ ላይ የታየውን ቧንቧ እንዳነሣች፣ ማረፊያውን እንዳስቀመጠች፣ ረዳቷም ለመዝጋት ክር እንዳዘጋጀ ነገረችኝ። እሷ ግን ቆይ አለችው። በሌላው ጎን ዞራ ልታይ ፈለገች። እዚያ፣ ነርቩ ከአንጎል በሚወጣበት ሥር፣ ምስሉ ያላሳያት አንዲት ቀጭን ደም መላሽ ተለጥፋ አገኘች። እሷን ለማላቀቅ ነበር ሁለቱ ሰዓት። ትታት ቢሆን ምናልባት ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ትመጡ ነበር አለችኝ፤ ይህን ስትል የተለየ ነገር እንዳደረገች እንኳ አልመሰላትም። ሰው የፈለገውን አንዴ ካገኘ መፈለጉን ያቆማል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ከዓሣ እሾህ ስለቅም የኖርኩ ነኝ፤ የመጨረሻውን እሾህ አግኝቻለሁ ብሎ እንደገና በጣቱ የሚዳብስ ሰው ስንት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሃኑስ ሲነቃ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ እንደ ሰም ገርጥቶ ነበር። አጠገቡ እጄን ሰብስቤ ቆምኩ። አምስት ዓመት ሊሞላ ነው ያንን ጉንጭ ካልነካሁት፤ መርፌው ባሻለው ጊዜ እንኳ ድንዝዝ ስለነበር፣ ደግሞም ስለምንፈራው፣ ሁለታችንም እጃችንን ሰብስበን ነበር የኖርነው። እሱ ራሱ እጄን ያዘና ወስዶ ግራ ጉንጩ ላይ አሳረፈው። ጢሙ ሻካራ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ እኔም ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም።

"እጅሽ ይቀዘቅዛል" አለኝ።

"ተሰማህ?"

"ተሰማኝ። አታንሺው።"

ጣጣ አልቀረም። በግራ ጆሮው ውኃ የገባበት ያህል ሆነ፤ ቀጭን ፉጨትም አብሮት ይውላል። ከሦስት ወር በኋላ የመስማት ኃይሉ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ እንደጠፋ ቀረ። ሃኑስ ሳትጠይቀው ለዶክተር ሜረቴ ደውሎ ነገራት። መስማት ካቆሙት ከአምስቱ ጋር ግማሽ ብለው ይጨምሩኝ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ልክ የሆነውን ቁጥር ይስማ አላት። እሷም መዝግባ አመሰገነችው። በስልክ ውስጥ ድምፅዋ ትንሽ እንደተሰበረ ነግሮኛል።

በሚቀጥለው ክረምት ጭፈራ ላይ በግራ በኩል የሚቀበሉት ሰዎች ድምፅ በደንብ ስለማይሰማው ቱማስ ራሱ መጥቶ ግራ እጁን ያዘና በየእርምጃው ይጨምቅለት ጀመር። ሃኑስ የመርከቧን ታሪክ አወጣ። ሸራው የሚነሣበት ስንኝ ላይ ሲደርስ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀይ ሲለው የኖረውን ጥቁር አለው። ቱማስ እግሩን ሳተ። ሲጨርሱ ፊቱ ቀልቶ መጣ።

"ስህተቱን ለምን አልክ?"

"ያንተ ነዋ" አለው ሃኑስ።

"የኔ መሆኑንማ አውቃለሁ። ያንተ ነው ልክ። አባቴ ራሱ ቀይ ነበር የሚለው፤ እኔ አንተን ለማናደድ ነው ያጠቆርኩት።" ቱማስ ራሱን ነቀነቀ። "ራስህን ያስከፈትከው ይህን ለማበላሸት ነው?"

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ቀይ ይላሉ፤ ጭፈራው ግን ትንሽ ቀዝቅዟል ብለው የሚያሙ አሉ።

ባለፈው ዓመት ራንቫ ደወለችልን። በሰሜን ደሴቶች የምትኖር አይድና የምትባል የአውቶቡስ ሾፌር ያው ሕመም ይዟት ነበር፤ ከሃኑስ ጋር እንድትነጋገር ፈለገች። አይድና በመርከብ መጣች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አፏን በሻርፕ ሸፍና፣ ደረጃውን ስትወጣ ነፋሱን በትከሻዋ እየከለለች። ሃኑስ ሳትጠይቀው መስኮቱን ዘጋ፣ ከበሩ የራቀውን ወንበር ሰጣት፣ የቀዘቀዘ ሾርባ ከቱቦው ጋር አቀረበላት። ይህን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ሦስቱን መንገድ ነገራት። የእያንዳንዱን ትርፍና ኪሳራ፣ የራሱንም ግማሽ ጆሮ ሳይደብቅ። የትኛው እንደሚሻላት ስትጠይቀው የሱ ራስ የተከፈተው ለሱ የሚስማማው መንገድ ያ ስለነበር ነው አላት፤ የሷን መንገድ እሷና ሐኪሞቿ ናቸው የሚያውቁት።

አይድና ጨረሩን መረጠች። እናቷ ማደንዘዣ ላይ ሳሉ ሞተውባት ስለነበር ተኝታ ራሷን ማስከፈት አልሆነላትም። ጨረሩ እስኪሠራ አሥራ አንድ ሳምንት ጠበቀች፤ በእነዚያ ሳምንታት ሃኑስ በየእሑዱ እየደወለ እሱ ሲያወራ እሷ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። አሁን አውቶቡሷን ትነዳለች። ጥቂት ኪኒን ትወስዳለች፣ አገጯ ትንሽ ደንዝዟል። ደህና ነኝ ትላለች።

ከእሷ በኋላ ሌሎችም ደወሉ። ትናንት ደግሞ ከሳንዶይ ደሴት የደወለው አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሚስቱ ስልኩን ይዛለት እሱ በማጉረምረም ብቻ ይመልሳል። ሃኑስ መላጊያውን አስቀምጦ ቀኝ ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፎ አንድ ሰዓት አወራው። ለእራት ያቀረብኩትን ዓሣ ሁለት ጊዜ አሞቅሁት።